የአሮጌው ባንክ ሊፍት

«እትዬ ሊፍት» የሚለውን ስም ያወጣላት የባንኩ ተላላኪ ነው። ሥራ በጀመረች በሁለተኛው ሳምንት የሊፍቱ በር ሊዘጋ ሲል ፋይል ታቅፎ እየሮጠ መጣና «እትዬ ሊፍት፣ ቆይኝማ!» ብሎ ጮኸ። ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሳቁ፤ ስሙም በዚያው ተጣበቀባት። ያኔ ገና አስራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ እትዬ የሚያሰኝ አንድም ነገር አልነበራትም።

ሕንፃው ሃያ ሁለት ፎቅ ነው። ባንክና ኢንሹራንስ ትከሻ ለትከሻ ተገጣጥመው በቆሙበት በከተማው መሀል፣ በዚያ ዘመን ከሁሉም የሚረዝመው እሱ ነበር። ሦስት ሊፍት አለው። ሁለቱ የሠራተኛ ናቸው፤ ሦስተኛው በቁልፍ የሚሠራ፣ የኋላ ግድግዳው መስታወት የሆነ፣ አለቆችና እንግዶች የሚሳፈሩበት ነው። እሷ የተቀጠረችው በዚህኛው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ቁልፍ እንድትጫን ነው። ሥራው ቀላል ይመስላል። ግን ማን ከማን ጋር እንደተጣላ፣ ማን ሊሾም እንደሆነ፣ ማን ከስብሰባ አልቅሶ እንደወጣ ከእሷ ቀድሞ የሚያውቅ አልነበረም። ሰው ሊፍት ውስጥ ሲገባ ቁጥሩን እያየ ዝም ይላል፤ ዝምታውን ማንበብ የቻለ ሁሉንም ያውቃል።

ያሠለጠኗት ሽማግሌው የሊፍት መካኒክ በመጀመሪያው ቀን ሊፍቱ ወደሚመላለስበት ጉድጓድ አፍ ወስደው ቁልቁል አሳዩዋት። «ልጄ፣ ሰው ገመዱ ይበጠሳል ብሎ ይፈራል። ገመዱ አይበጠስም። ሰው የሚሞተው ሊፍቱ በሁለት ፎቅ መሀል ሲቆም ነው። ትዕግሥቱ ያልቅና በሩን ፈልቅቆ ወደ ታችኛው ፎቅ ይዘላል። ከሊፍቱ ወለል በታች ያለው ግን ባዶ ነው፤ ተረከዙ ትንሽ ከሸሸ ወደ ኋላ ይሄዳል። ቆሞብሽ እንደሆነ ማንንም አታስወርጂ። ይስደቡሽ፣ ይምቱሽ፣ አታስወርጂ።»

ባሏን ያገኘችው እዚያው ምድር ቤት ነው። የዋናው በር ጥበቃ ነበር። ለባንኩ ፕሬዚዳንት ሰላምታ ሲሰጥ ተረከዙን የሚያጋጭበት ድምፅ ሁለተኛ ፎቅ ድረስ ይሰማ ስለነበር ሠራተኛው ሁሉ «ጀነራሉ» ይለዋል። ቁመናው ያምራል፤ ሲስቅ ሰው ያስቃል። በተጋቡ በሦስተኛው ወር ግን ሊፍቱ ምድር ቤት ደርሶ በሩ ሲከፈት አንድ የሒሳብ ሠራተኛ በነገራት ቀልድ ስትስቅ አያት። ጀነራሉ ቆሞ አያቸው፤ ባርኔጣውን አስተካከለ። ቤት ሲገቡ በሩን ከኋላው ቆለፈና «ከማን ጋር ነው የምትገለፍጪው?» አላት። መልሷን ሳይጠብቅ በጥፊ አጮላት። በጥፊው ስትዞር በቡጢ ደገማት።

ከዚያ ወዲያ የሊፍቱ በር በተከፈተ ቁጥር ዓይኑ ከውስጥ ነበር። አምስት ሰው ይዛ ከወረደች ደህና፤ አንድ ወንድ ብቻ ይዛ ከወረደች ማታውን ታውቀዋለች። ፊቷ ሲያብጥ በርጩማዋን አዙራ ጀርባዋን ለመስታወቱ ትሰጣለች። የተሳፈሩት ያያሉ፤ ያዩትን ግን ላለማየት የፎቁን ቁጥር ይቆጥራሉ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ አፍ አውጥቶ የጠየቃት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የሕንፃው ኤሌክትሪሻን። ቶሎ ስለሚቃጠል «ፊውዝ» ይሉታል።

«ምን ሆነሽ ነው?» አላት።

«በር ገጨኝ።»

ጉንጯ ላይ የቀረውን ጭረት አየት አደረገና «ይሄ በር ቀለበት ያደርጋል እንዴ?» አለ።

ሳቀች፤ የተሰነጠቀ ከንፈሯ ደማ። ፊውዝ መፍቻውን ይዞ ወደ በሩ ሊወርድ ሲል ለምና መለሰችው። «ልጅ አለኝ» አለችው።

ልጅቷ አራት ዓመት ሳይሞላት ጀነራሉ የእናቷን ቀኝ እጅ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አስደግፎ አንጓው ላይ ሰበረው። ወጌሻው አጥንቱን በደንብ አልገጠመውም፤ ከዚያ በኋላ ሦስቱ ጣቶቿ አጥብቀው መያዝ አቃታቸው። ቁልፍ ለመጫን አንድ ጣት ስለሚበቃ ሥራዋን አላጣችም። ልጅቷን ግን አንድ ቀን እንኳ በክፉ ነክቷት አያውቅም። ጫማ ይገዛላታል፣ ትከሻው ላይ ተሸክሞ ትምህርት ቤት ያደርሳታል፣ ፀጉሯን ሳይቀር ያበጥርላታል። ነገሩን ያከበደው ይሄ ነው።

በመጨረሻም የራሱ እጅ አባረረው። አንድ ጉልበተኛ ባለጉዳይ ወረፋ ጥሶ ለመግባት ሲሞክር በጠመንጃው ሰደፍ መንጋጋውን ሰበረው፤ ሰውየው እብነ በረዱ ላይ ጥርሱን ሲተፋ አዳራሹ ሙሉ ሰው አየ። ባንኩ በዚያው ሳምንት አሰናበተው። ቤት ውስጥ የዋለ ጀነራል ደግሞ በር ላይ ከቆመው የባሰ ሆነ። ለሁለት ዓመት ያህል እሷን የሚመታበት ምክንያት መፈለግም ተወ።

ባንኩ አዲስ የመስታወት ሕንፃ ሠርቶ ዋና መሥሪያ ቤቱን ሲያዛውር፣ አሮጌው ሕንፃ ገዢ እስኪያገኝ የሚጠብቁት ሦስት ሰዎች ተመደቡ፤ የበሩ ጥበቃ ሽማግሌ፣ ፊውዝና እሷ። ምድር ቤት ያለችው የስልክ ማዞሪያ ክፍል ባዶዋን ነበረች። እትዬ ሊፍት አለቃዋን አስፈቀደችና አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ ጀነራሉ ከቤት ሲወጣ፣ የአስራ ስድስት ዓመት ልጇንና ሁለት ሻንጣ ይዛ እዚያ ገባች። መጥቶ በሩን በድንጋይ ሰባበረ፤ ፖሊስ አስፈርሞ ለቀቀው። እንደገና መጥቶ ሲሳደብ ዋለ። ከዚያ ድምፁ ጠፋ።

ስድስት ዓመት በሰላም አለፈ። ልጅቷ ነርስነት ተምራ ሆስፒታል ተቀጠረች፤ ከጓደኛዋ ጋር ቤት ተከራየች። እናትየዋ ባዶውን ሕንፃ ትጠርጋለች። ምንጣፉ ላይ የጠረጴዛዎቹ እግር ጉድጓድ እንዳለ ነው፤ ግድግዳው ላይ የቀን መቁጠሪያዎች ባንኩ በወጣበት ወር ላይ ቆመዋል። ሊፍቱ እንዳይዝግ ጠዋት ጠዋት እስከ ሃያ ሁለተኛ አውጥታ ታወርደዋለች። ማንም የሌለበትን ፎቅ በር ከፍታ «ወራጅ አለ?» ትላለች፤ ፊውዝ ከታች ሆኖ በድምፅ ማሰራጫው «የለም፣ ሂጂ» ይላታል። ይስቃሉ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ፣ የጭነት መኪና በሩ ላይ ቆመ። ቢጫ ቆብ ያደረጉ ሦስት ሰዎች ወርደው ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ለጥበቃው ሰጡ። «አዲሱ ባለቤት የላከን ነን፤ አሮጌውን የአየር ማቀዝቀዣ መስመር እንነቅላለን» አሉ። ሽማግሌው መነጽራቸውን ፍለጋ ኪሳቸውን ሲዳብሱ አራተኛው ሰው ከጋቢናው ወረደ። ቆቡን ወደ ቅንድቡ ዝቅ አድርጎታል።

«አባባ፣ አሁንም እዚሁ ነዎት?» አለ ጀነራሉ።

ሽማግሌው የበሩን ቁልፍ ወደ ጀርባቸው ሊደብቁ ሞከሩ። አንዱ አንቆ ያዛቸው፤ ሌላው ሆዳቸውን በጉልበቱ መታቸው። እጥፍ ብለው ሲወድቁ እጅና እግራቸውን በሽቦ አሰሯቸው። ጩኸቱን ሰምቶ ፊውዝ ትልቅ መፍቻ ይዞ ከምድር ስር ካለው ክፍል ወጣ። አንዱን ትከሻው ላይ መታው፤ ሁለተኛውን ለመምታት እጁን ሲያነሳ ጀነራሉ ከኋላ መጥቶ በብረት ዘንግ ጉልበቱን ብሎ ጣለው። ድምፁ ደረቅ እንጨት ሲሰበር እንደሚሰማው ነበር። ከወደቀም በኋላ ደገመው፤ ሠለሰው። ደሙ የእብነ በረዱን መጋጠሚያዎች እየተከተለ ሄደ።

እትዬ ሊፍት መጥረጊያዋን እንደያዘች በሊፍቱ አፍ ላይ ክው ብላ ቀረች።

«ጤና ይስጥልኝ ወይዘሮ» አላት ባሏ፤ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «አድርሽን እንጂ። ስንት ዓመት ቁጭ ብለሽ ስትወጪበት የኖርሽው ነገር አይደለም?»

«ይህን ሰውዬ ሐኪም ቤት አድርሱት፤ ይሞታል።»

«ሲሞት ታያለሽ። ግቢ።» ፀጉሯን ይዞ ወደ ውስጥ ወረወራት። ግንባሯ መስታወቱን መታው፤ መስታወቱ ተሰነጠቀ። ጎንበስ አለና ስልኳን ከኪሷ አውጥቶ በጫማው ረገጠው።

ሁለቱ መኪናው ጋ ቀሩ። ጀነራሉና አንድ መላጣ ጓደኛው ከእሷ ጋር ወደ ላይ ወጡ። ጣሪያው ስር ወፍራም የመዳብ ገመድና ቧንቧ አለ፤ ያንን ወስደው ሊሸጡት እየቆረጡ ሊፍቱን ሞሉት። እጇ ሲዘገይባቸው ጀነራሉ በዘንጉ ጀርባዋን ይወጋታል። ሊፍቱ ሲሞላ ቁልፉን ከአንገቷ በጥሶ ወሰደ። «አንቺ እዚሁ ጠብቂን። ይሄን አራግፈን ስንመለስ የድሮ ሒሳባችንን ረጋ ብለን እንነጋገራለን» አለና የሊፍቱን በር ዘጋ። ምን ለማለት እንደፈለገ ገባት፤ ደረጃውን ወደ ላይ ወጣች።

የሊፍቱ ሞተር ያለበት ክፍል ከሃያ ሁለተኛው ፎቅ በላይ አንድ ደረጃ ነው። እዚያ ስትደርስ ገመዱ የተጠመጠመበት የብረት ከበሮ እየዞረ ገመዱን ይለቃል። ለማሰብ ጊዜ አልወሰደችም። ትልቁን ማብሪያ ማጥፊያ በሁለት እጇ ይዛ ወደ ታች ጎተተችው። ከበሮው ነቅነቅ ብሎ ቆመ። ሕንፃው በሙሉ ጭጭ አለ።

ብዙም ሳይቆይ ከጉድጓዱ ውስጥ የጩኸትና የስድብ ድምፅ፣ ቀጥሎም የአደጋ ደወሉ መጣ። ደወሉ የራሱ ባትሪ አለው፤ ፊውዝ በየወሩ ይቀይረዋል። ጀነራሉ መኪናው ጋ ያሉትን ሰዎች እጠራለሁ ብሎ ጣቱን ከደወሉ ላይ አላነሳም። እነሱ ግን ደወል ሲሰሙ ሕንፃው በፖሊስ የተከበበ መሰላቸውና መኪናቸውን አስነስተው እግሬ አውጪኝ አሉ። ድምፁ መንገድ ላይ ወጣ፤ መስቀለኛው መንገድ ላይ የቆመ ትራፊክ ፖሊስ ሰማው።

እሷ ይህን አላወቀችም። ያወቀችው ፊውዝ ታች እየደማ መሆኑን ብቻ ነው። በደረጃው ሮጠች። ዘጠነኛው ላይ ስትደርስ ብረት ብረትን ሲፈለቅቅ ሰማች። ስምንተኛው ላይ የመተላለፊያውን በር ከፍታ አየች። ሊፍቱ በስምንተኛውና በዘጠነኛው ፎቅ መሀል ቆሟል፤ የሊፍቱ ወለል ደረቷ ድረስ ይመጣል። የውስጡንም የውጪውንም በር ፈልቅቀዋል። ጀነራሉ ጠርዙ ላይ ተቀምጦ እግሩን አንጠልጥሏል። ከእግሩ በታች ጥቁር ባዶ አለ።

ዝም ብላ ብታልፍ ትችል ነበር። አንድ እርምጃ ወደ ደረጃው ተራመደችም። ግን ቆመች።

«አትዝለል!» ብላ ጮኸች። «ከስርህ ጉድጓድ ነው! ባለህበት ቁጭ በል፣ ያወጡሃል!»

ጀነራሉ ቀና ብሎ አያት። «አንቺ ነሽ ያጠፋሽው?»

«እኔ ነኝ። አትዝለል።»

«እውነቷን ነው ወንድሜ፣ ቆይ» አለ መላጣው ከኋላው ሆኖ።

«አርባ ዓመት ብቆይ የሴት ልጅ ምክር አልሰማም» አለና ዘንጉን አንስቶ ዘለለ። ገና እግሩ የኮሪደሩን ወለል ሲነካ ነው የሰነዘረው። ዘንጉ ትከሻዋ ላይ አረፈ፤ እሷ በግንባሯ ተደፋች። እሱን ግን የገዛ ምቱ ወደ ኋላ ጎተተው። ተረከዙ የበሩን ጠርዝ ሳተ። ዘንጉ እየተንኳኳ ቁልቁል ሄደ፤ እሱም ሊከተለው ሲል የቀኝ እጇን አንጓ አገኘና ያዘ።

በሆዷ ተሳበች፤ በግራ እጇ የበሩን ብረት አቀፈች፤ በቀኟ የእሱን እጅ ጨበጠች። ፊቱ ከፊቷ አንድ ክንድ ያህል ብቻ ይርቃል። እንደዚያ ፈርቶ አይታው አታውቅም።

«በእናትሽ» አላት። «በልጃችን ይሁንብሽ፣ አትልቀቂኝ።»

«ይዤሃለሁ። አትወራጭ። ግራ እጅህን ስጠኝ።»

መላጣው ከላይ ተኝቶ እጁን ዘረጋ፤ አልደረሰም። «ያዥው እትዬ! ያዥው!» ይላል። ጀነራሉ ግራ እጁን ሊያነሳ ሲሞክር ሰውነቱ ተወዛወዘ። ላቡ እጇ ውስጥ ገባ። ከዚያ እነዚያ አጥብቀው መያዝ ያቃታቸው ጣቶቿ መከፈት ጀመሩ፤ ትንሿ መጀመሪያ፣ ከዚያ ቀጣይዋ። በስሟ ጠራት፤ በእውነተኛ ስሟ፤ ከተጋቡ ወዲህ ጠርቷት በማያውቀው። ከዚያ እጁ ባዶ ሆነ። የመውደቁ ድምፅ እስኪመጣ ረጅም ጊዜ መሰላት።

መላጣው ማልቀስ ጀመረ። «አንተ ከዚያ እንዳትነቃነቅ» አለችው፤ ድምፅዋ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። ተነስታ ወረደች። ትራፊኩና ሁለት ፖሊሶች ሽማግሌውን ከሽቦው እየፈቱ፣ የፊውዝን ጭን በቀበቶ እያሰሩ ነበር። «አለህ?» አለችው። «አለሁ» አለ ፊውዝ፤ ጥርሱ እየተንቀጠቀጠ፤ «ደወሉ ሠራ አይደል?»

ፖሊስ ጣቢያ ቃሏን ሰጠች። መብራቱን ማን አጠፋው? እኔ። ለምን? እንዳይሄዱ። መሞቱን ፈልገሽ ነበር? እዚህ ላይ መርማሪው ብዕሩን አስቀምጦ ጠበቃት። «ብዙ ጊዜ ፈልጌ ነበር» አለች። «ያን ጊዜ ግን ይዤው ነበር።»

ልጇ የመጣችው በማግስቱ ነው፤ የነርስ ልብሷን እንኳ አላወለቀችም። አስከሬኑን አይታ ነበር የመጣችው።

«እማዬ፣ ለቀቅሽው?»

«እጄ ነው የለቀቀው።»

«እጅሽ ያንቺ አይደለም?»

እናቷ ቀኝ እጇን ዘርግታ አየችው። ልጅቷ ወጣች። አምስት ወር ሙሉ ስልክ አላነሳችም።

በነዚያ ወራት እትዬ ሊፍት አንድ ነገር ማድረግ ጀመረች። ባልዲ ውሃ ትሞላና በቀኝ እጇ አንጠልጥላ ደረጃው ጫፍ ላይ ትቆማለች፤ እስኪያመልጣት ትቆጥራለች። አንዳንድ ቀን ሃያ ትደርሳለች፤ አንዳንድ ቀን ሰላሳ። ባልዲው እየተንኳኳ ይወርዳል፤ ትከተለውና አንስታ እንደገና ትሞላለች። ክራንች ይዞ ከሆስፒታል የተመለሰው ፊውዝ አንድ ቀን አያት። ምን እንደምታደርግ ለመረዳት ጊዜ አልፈጀበትም።

«ይሄ ባልዲ መትቶሽ ያውቃል?» አላት።

«አያውቅም።»

«እንግዲያ ምኑን ከምን ታነጻጽሪዋለሽ?» ባልዲውን በክራንቹ ገፍቶ ከአጠገቧ አራቀው።

በፍርድ ቤቱ ቀን መላጣው እንደ ተከሳሽ ቆሞ ያየውን ሁሉ ተናገረ። ጮኻ እንደከለከለችው፣ ሟቹ ዘልሎ እንደመታት፣ በሆዷ ተኝታ እንደያዘችው፣ አልዋሸላትም፣ አልቀባባላትም። ዳኛው እሷን የሚያስጠይቅ ነገር እንደሌለ ተናግረው መላጣው ላይ ሰባት ዓመት ፈረዱበት። ያመለጡት ሁለቱ ገና አልተያዙም ነበር።

ከችሎት ስትወጣ ዋርሳዋ፣ የጀነራሉ ታናሽ ወንድም፣ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ጠበቃት። ቁመናው አንድ ነው፤ አረማመዱ አንድ ነው። «ገዳይ!» ብሎ አፏ ላይ መታት። ከንፈሯ ተሰነጠቀ። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ እጇ በራሱ ተነሳ፤ በግራ ቡጢዋ አፍንጫውን አለችው። እሷም ደነገጠች፤ እሱም ደነገጠ። ደሙ ሸሚዙ ላይ ሲንጠባጠብ አይቶ አበደ፤ ጉሮሮዋን አንቆ ግድግዳው ላይ ለጠፋት። ፊውዝ በክራንቹ ጀርባውን ይደበድበዋል፤ ፖሊሶቹ ከኮሪደሩ ማዶ እየሮጡ ነው።

ቀድማ የደረሰችው ልጅቷ ናት። ከችሎቱ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ እንደነበር እናቷ አላወቀችም። በሁለቱ መሀል ገብታ የአጎቷን ክንድ ያዘች።

«አጎቴ፣ እጅህን አውርድ» አለችው፤ ሳትጮህ። «አባቴም ሲጀምር እንዲህ ነበር የሚጀምረው። በሩ ተዘግቶ ነበር እንጂ ሁሉንም እሰማ ነበር።»

ሰውየው እጁን አወረደ። ፖሊሶቹ ይዘውት ሄዱ።

ልጅቷ እናቷን ግቢው ውስጥ ወዳለው ቧንቧ ወሰደቻት፤ የከንፈሯን ደም በመሀረብ አጠበች፤ አንገቷ ላይ የቀረውን የጣት ምልክት እንደ ነርስ እየነካካች አየች። እዚያው አጥር ስር ከቆመው ሻጭ ሁለት ዳቦ ገዛችና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እናትየዋ ማኘክ አቃታት፤ ልጅቷ ዳቦውን በትናንሹ ቆረሰችላት።

«ገና የምጠይቅሽ ብዙ ነገር አለኝ» አለች ልጅቷ።

«ጠይቂኝ።»

«ዛሬ አይደለም።»

ፊውዝ ክራንቹን ብብቱ ስር አድርጎ አጠገባቸው ቆሞ ነበር። «ታዲያ ለእኔ ዳቦ የለም?» አለ። ልጅቷ ከራሷ ቆርሳ ሰጠችው።